የአላንሶኑ ሰዓት ሠሪ፤ የአንድ ቤተ ሰብ አባት መታሰቢያ

የአስተርጓሚነት ሥራ የሰውን ቃል ካንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ማሻገር ብቻ ይመስላል። ነገር ግን አንዳንድ ቀን የሚሻገረው ቃል ከብዶ ተርጓሚውን የሚያስጨንቅበት ጊዜ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በገበያችን ስማቸው የተከበረ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ከልጆቻቸው ጋራ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት መጥተው ነበር። ዕድሜያቸው ስለ ገፋና የማስታወስ ኃይላቸው ስለ ደከመ፣ ከእንግዲህ ወዲህ ሱቃቸውንና ቤታቸውን ልጆቻቸው እንዲያስተዳድሩ የሚያደርግ ሰነድ ተዘጋጅቶ ኖሮ፣ ይህንኑ በሚያውቁት ቋንቋ እንዳነብላቸው ታዘዝሁ። እኔም አነበብሁላቸው። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው በጸጥታ ካዳመጡ በኋላ ልጆቻቸውን አንድ ባንድ ተመለከቱ፤ ከዚያም ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ ይህ ወረቀት አባትነታቸውንም ጭምር የሚሽር እንደ ሆነ ጠየቁኝ። እንደዚህ ያለ ቃል እንደሌለበት ነገርኋቸው። ብዕሩን ተቀብለው ፈረሙ።

በዚያ ምሽት ከቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ትዝ ያሉኝ፣ በልጅነቴ በመጽሐፍ ያወቅኋቸው አንድ ፈረንሳዊ ሰው ናቸው። ኢጣልያንኛ በተማርሁበት ትምህርት ቤት «የአንዲት ነፍስ ታሪክ» የተባለው የሊዝዩዋ የቅድስት ቴሬዛ መጽሐፍ በኢጣልያንኛ ተተርጉሞ ይነበብ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያን ጊዜ በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት አባት ከማር የተሠሩ ሰው መስለው ታይተውኝ ነበር፤ ልጃቸው «ንጉሤ» ትላቸዋለች፣ እሳቸውም «ንግሥቴ» ይሏታል፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው በአትክልቱ ሥፍራ ይመላለሳሉ፤ ይኸው ነው። ሰውዬው ምን ያህል እንደ ተፈተኑ የተገለጠልኝ ካደግሁ በኋላ፣ ባለቤታቸው የጻፏቸውን ደብዳቤዎችና ቤተ ሰቡ እርስ በርሱ የተጻጻፈውን ባነበብሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ የሉዊ ማርታንን ሕይወት በጥቂቱ ለመተረክ አሰብሁ። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ሙሴ ማርታን ኦገስት 22 ቀን 1823 ዓ.ም. በቦርዶ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በጦር ሠራዊት ውስጥ ሻምበል ስለ ነበሩ የልጅነታቸው ዘመን ከጦር ሠፈር ወደ ጦር ሠፈር በመዛወር አለፈ፤ በመጨረሻም አባትየው ጡረታ ሲወጡ ቤተ ሰቡ በኖርማንዲ አገር በአላንሶን ከተማ ተቀመጠ። ወጣቱ ሉዊ ግን የአባታቸውን ሥራ አልተከተሉም። ትዕግሥትንና ጥሩ ዓይንን የሚጠይቀውን የሰዓት ሥራ መርጠው፣ ጥበቡን በሬን፣ በስትራስቡርግና በፓሪስ ከተሞች ተማሩ።

በ1845 ዓ.ም. ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳሉ፣ በአልፕ ተራሮች ላይ ወደሚገኘው ወደ ታላቁ ቅዱስ በርናርድ ገዳም ወጡ። ይህ ገዳም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለ ነው፤ መነኮሳቱም በበረዶ የተያዙ መንገደኞችን በማዳን የታወቁ ናቸው። ሉዊም ማኅበረተኛ ሆነው ለመኖር ለመኑ። የገዳሙ አለቃ ላቲን ያውቁ እንደ ሆነ ጠየቋቸው፤ አያውቁም ነበር። ተምረው ቢመለሱ እንደሚቀበሏቸው ተነገራቸው። ወደ አላንሶን ተመልሰውም አስተማሪ ይዘው ላቲን ማጥናት ጀመሩ፤ ዳሩ ግን ሕመም ስላገኛቸው መጻሕፍቱን ዘግተው ወደ ሰዓታቸው ተመለሱ። አንድ ቋንቋ ባለማወቅ የሰው ሕይወት መንገዱን እንዴት እንደሚለውጥ፣ እንጀራው ከቋንቋ የሆነ እንደኔ ያለ ሰው ሳያስበው አያልፍም። ያ ላቲን ቢጠና ኖሮ ዓለም የሚያውቃት ቴሬዛ ባልተወለደች ነበር።

በ1850 ዓ.ም. በአላንሶን ከተማ የሰዓት ሱቅ ከፈቱ፤ ቈይተውም የወርቅና የብር ጌጣጌጥ መሸጥ ጨመሩበት። ነጋዴ የሆነ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር እዚህ ላይ አለ። በዚያ አገር ባላገሩ በብዛት ወደ ከተማ የሚገባው እሑድ ነበር፤ ለሠርግ የሚሆነውን ቀለበትና የአንገት ሐብል የሚገዛውም በዚሁ ቀን ነው። የሙሴ ማርታን ሱቅ ግን እሑድ ተዘግቶ ይውላል። ወዳጆቻቸው፣ ዋናው በር ቢዘጋ እንኳ በጐን ያለውን ትንሽ በር ገርበብ አድርገው ቢተዉት ገዢ እንደማያጡ መከሯቸው፤ እሳቸው ግን አልተቀበሉም። ብዙ ጸሓፊዎች ይህን ሲያወሱ፣ ሰንበትን ስላከበሩ ሀብታቸው ተባረከ ብለው ይደመድማሉ። እኔ የማደንቀው ሌላውን ነው። ሰውዬው ሂሳብ አዋቂ ስለ ነበሩ በየሳምንቱ ምን ያህል ትርፍ እንደሚቀርባቸው ያውቁ ነበር፤ እያወቁም ዘጉ።

እስከ 34 ዓመታቸው ሳያገቡ ቈዩ። ከከተማው ዳር ትንሽ ግንብ ከነአትክልቷ ገዝተው፣ በዚያ መጽሐፍ ማንበብን ያዘወትሩ ነበር። ዓሣ ማጥመድም ይወዱ ነበር፤ ከሚይዙትም ለከተማው የቅድስት ክላራ ደናግል ይልኩ ነበር። እናታቸው ግን በዚህ ብቸኝነት አልተደሰቱምና፣ በዳንቴል ሥራ ትምህርት ላይ ያወቋትን ዜሊ ጌራን የተባለች ብርቱ ወጣት ለልጃቸው አሰቡላቸው። ዜሊም እንደ ሉዊ ሁሉ ምንኩስናን ፈልጋ በአንድ ገዳም በር ላይ የተመለሰች ነበረች። በተዋወቁ በሦስት ወር፣ ጁላይ 13 ቀን 1858 ዓ.ም. በእኩለ ሌሊት፣ በአላንሶን በእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ።

ስለ ማዳም ዜሊ ሥራ ጥቂት ልጨምር፤ የሙሴ ማርታንን ጠባይ የሚያስረዳ ነውና። የአላንሶን ዳንቴል በመርፌ ብቻ የሚሠራ ሆኖ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር በአንድ ሴንቲ ሜትር የሚሆነውን ለመጨረስ ሰባት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ዩኔስኮም በ2010 ዓ.ም. ከሰው ልጅ ቅርሶች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። ሥራው ለብዙ ሴቶች ይከፋፈላል፤ እያንዳንዷም በየቤቷ የድርሻዋን ጥልፍ ትሠራለች። ማዳም ዜሊ ሠራተኞቻቸውን በየሐሙሱ እየተቀበሉ፣ የመጣውን ቍራጭ ሁሉ መጋጠሚያው እስከማይታይ ድረስ በገዛ እጃቸው ያያይዙት ነበር። ልጅ እያጠቡ፣ ሌሊት በመብራት እየሠሩ፣ የደንበኞችን ትእዛዝ በቀኑ ያደርሱ እንደ ነበር ከደብዳቤዎቻቸው ይታያል። ከ200 የሚበልጡ ደብዳቤዎቻቸው እስከ ዛሬ ተጠብቀዋል፤ የቤት ወጪ፣ የልጆች ሳል፣ የሠራተኛ ደመወዝና ጸሎት በአንድ ገጽ ላይ ተቀላቅለው የሚገኙባቸው ናቸው።

ታዲያ የዳንቴሉ ንግድ እየሰፋ ሲሄድ ሙሴ ማርታን በ1870 ዓ.ም. የሰዓት ሱቃቸውን ለእኅታቸው ልጅ አስተላልፈው፣ የባለቤታቸውን ሥራ የሚያግዙ ሆኑ። ሂሳቡን ያዙ፤ ናሙናውን ተሸክመው ወደ ፓሪስና ወደ ሌሎች ከተሞች እየተጓዙ ትእዛዝ ያመጡ ጀመር። ሃያ ዓመት የቈየ፣ በራሳቸው ስም የታወቀ ሱቅ ነው የተዉት። በዚያ ዘመን ይቅርና በዛሬውም ዘመን ቢሆን የራሱን የንግድ ስም ትቶ በሚስቱ የንግድ ስም ሥር ለመሥራት ደስ የሚለው ባል ስንት ይገኛል? በኛም ገበያ ሚስቲቱ ሱቁን ስታቆመው በር ላይ የሚጻፈው የባልየው ስም መሆኑን እናውቃለን።

ዘጠኝ ልጆች ወለዱ። ሚስዮናዊ ካህን የሚሆን ወንድ ልጅ እንዲሰጣቸው ይለምኑ ስለ ነበር ሁለቱንም ወንዶች ልጆች ዮሴፍ ብለው ሰየሟቸው፤ ሁለቱም ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱ። በ1870 ዓ.ም. በአንዱ ዓመት ብቻ አምስት ዓመት የሆናት ሔለንና የሁለት ወር ሕፃን የነበረችው ሜላኒ ተቀበሩ። የቀሩት አምስት ሴቶች ልጆች ናቸው፤ ማሪ፣ ፖሊን፣ ሌዮኒ፣ ሴሊንና በጃንዋሪ 2 ቀን 1873 ዓ.ም. የተወለደችው የመጨረሻዋ ቴሬዛ። ኦገስት 28 ቀን 1877 ዓ.ም. ደግሞ ማዳም ዜሊ በጡት ነቀርሳ ሕመም በ45 ዓመታቸው ዐረፉ። ሙሴ ማርታን 54 ዓመት ከሞላቸው ገና ስድስት ቀናቸው ነበር። ታላቂቱ ልጅ 17፣ ታናሺቱ 4 ዓመቷ ነበር።

እዚህ ላይ የሰውዬው ጠባይ እንደገና ይታያል። ወዳጆቻቸው፣ አሮጊት እናታቸው፣ ያቺ የሚወዷት ትንሽ ግንብና የባለቤታቸው መቃብር ሁሉ በአላንሶን ነበሩ። የሟች ባለቤታቸው ወንድም መድኃኒት ቀማሚው ኢሲዶር ጌራን ግን በሊዝዩ ከተማ ይኖሩ ነበርና፣ ልጆቹ ከአክስታቸው አጠገብ ቢያድጉ እንደሚሻል አሳሰቡ። ሙሴ ማርታን ራሳቸው ቢጐዱም ለልጆቹ ይበጃል በማለት እሺ ብለው፣ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ሌ ቡይሶኔ ወደተባለው ቤት ተዛወሩ። በዚያ ምሽት ምሽት መጽሐፍ ይነበባል፣ አባትየው ዝማሬ ያዜማሉ፣ ታናሺቱ በጕልበታቸው ላይ ትቀመጣለች፤ ቀጥሎም የማታ ጸሎት ይደረጋል። በመጽሐፉ ውስጥ እንደ ማር የጣፈጠኝ ይህ ክፍል ነበር። የተገዛውም በምን ዋጋ እንደ ሆነ አላስተዋልሁም ነበር።

ከዚያ በኋላ ልጆቹ መሄድ ጀመሩ። ሁለተኛዋ ፖሊን በ1882 ዓ.ም.፣ ታላቂቱ ማሪ በ1886 ዓ.ም. በሊዝዩ ወደሚገኘው የቀርሜሎስ ገዳም ገቡ። ይህ ገዳም ደናግሉ ከገቡበት የማይወጡበት፣ ቤተ ሰብም ቢጐበኛቸው በብረት ፍርግርግ በኩል ብቻ የሚነጋገሩበት ነው። በ1887 ዓ.ም. በሜይ ወር መጀመሪያ ሙሴ ማርታንን ግማሽ አካል የሚያሰንፍ በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ መታቸው፤ ጥቂት ቈይቶም ተሻላቸው። በዚያው ወር መጨረሻ በጰራቅሊጦስ በዓል ማታ፣ በአትክልቱ ሥፍራ ተቀምጠው ሳሉ ቴሬዛ ቀርባ እሷም ወደ ቀርሜሎስ ለመግባት እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። ገና 14 ዓመቷ ነበር። አባትየው አለቀሱ፤ ነገር ግን አልከለከሉም። ከአጥሩ ዝቅተኛ ግንብ ላይ የበቀለች አንዲት ትንሽ ነጭ አበባ ቀጥፈው፣ እግዚአብሔር ይህችን አበባ እንዴት እንዳሳደጋትና እንደ ጠበቃት እየነገሯት ሰጧት። አበባዪቱ ስትቀጠፍ ከነሥሯ ወጥታ ነበር። ቴሬዛም «ክርስቶስን መምሰል» በተባለው መጽሐፏ መካከል አደረቀቻት።

መፍቀድ ብቻም አልበቃቸውም። የገዳሙ የበላይ የነበሩት ካህን ዕድሜዋ አልደረሰም ብለው ስለ ተቃወሙ፣ ሙሴ ማርታን ልጃቸውን ይዘው ወደ ጳጳሱ ዘንድ ወደ ባዮ ሄዱ፤ በኖቬምበር ወርም ወደ ሮማ ወሰዷት። እዚያ ኖቬምበር 20 ቀን ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 13ኛ እግር ሥር ተንበርክካ ጥያቄዋን በገዛ አፏ አቀረበች። በመጨረሻ ተፈቅዶላት ኤፕሪል 9 ቀን 1888 ዓ.ም. በ15 ዓመቷ ገባች። ባለ ሥልጣን ፊት ቀርቦ ጉዳይ ያስፈጸመ አንባቢ ይህን ያስብ፤ አንድ የታመመ ሽማግሌ ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር እየዞረ የሚያመለክተው፣ በዓለም ላይ ከሁሉ የሚወዳት ልጅ ከእጁ እንድትወጣ ነው።

ሁለት ወር ከግማሽ ያህል እንዳለፈ፣ ጁን 23 ቀን፣ ሙሴ ማርታን ለማንም ሳይናገሩ ከቤት ጠፉ። ቤተ ሰቡ ተሸበረ። ከአራት ቀን በኋላ ለ ሃቭር በተባለው የወደብ ከተማ ተገኙ፤ ከሰው ተለይተው በብሕትውና የመኖር ሐሳብ አድሮባቸው ነበር። የአንጎላቸው ደም ሥሮች እየደነደኑ አእምሯቸውን ማወክ ጀምረው እንደ ነበር ዛሬ ይገመታል። በዚያው ዓመት ግን በጤናቸው ሰዓት ለሊዝዩ ካቴድራል ዋና መንበረ ታቦት ማሠሪያ 10,000 ፍራንክ ሰጥተዋል፤ ለዚያን ጊዜ ትልቅ ገንዘብ ነው። በጃንዋሪ 10 ቀን 1889 ዓ.ም. ቴሬዛ የምንኩስና ልብስ በለበሰች ጊዜ ክንዷን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ያስገቧት እሳቸው ነበሩ። ይህ የመጨረሻው የክብር ቀናቸው ሆነ። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ የሻምበሉ ልጅ ጦርነት የመጣ እየመሰላቸው፣ የመድፍ ድምፅ እየሰሙ፣ ልጆቻቸውን ለመከላከል ሽጉጥ ያዙ። ወንድም ጌራን መሣሪያውን አስጣሉና፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን ካን ከተማ ወዳለው የአእምሮ ሕመምተኞች ሆስፒታል ወሰዷቸው።

በዚያ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ኖሩ። በዚያ ዘመን የዚህ ዓይነቱ ሆስፒታል ስም በቤተ ሰብ ላይ የሚያመጣው ኀፍረት ለኛ አንባቢ ማስረዳት አያሻውም፤ ዛሬም ከኛ አልራቀም። ሊዝዩ ትንሽ ከተማ ናት። ሰዎች በየቤቱ፣ ልጆቹ ተራ በተራ ወደ ገዳም በመግባታቸው፣ ይልቁንም የታናሺቱ መሄድ፣ አባትየውን ለዚህ እንዳበቃቸው ያወሩ ነበር። ሴሊንና ሌዮኒ በካን ተቀመጡ፤ ሊያዩአቸው የሚፈቀድላቸው ግን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነበር። የሆስፒታሉ ሐኪም ባነጋገሯቸው ጊዜ፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ ማዘዝ የለመዱ ሰው እንደ ነበሩ፣ አሁን ግን መታዘዝ እንደ ደረሰባቸው፣ ነገሩም ከባድ ቢሆን እግዚአብሔር ለምን እንደ ሰጣቸው እንደሚያውቁ መለሱላቸው። ይህን ያለ ሰው ሁልጊዜ አእምሮው ጠፍቶበት እንዳልነበረ ግልጽ ነው። መከራውም በዚያው ላይ ነው።

በጁን ወር 1889 ዓ.ም. የንብረታቸውን አስተዳደር የሚለቅቁበት ሰነድ ቀረበላቸውና ፈረሙ። ልጆቻቸው እንዳላመኗቸው ቈጥረው ማልቀሳቸው ተጽፎ ይገኛል። ሰነዱን ያዘጋጁት በክፋት አልነበረም፤ ንብረቱ እንዳይባክን ጠባቂ ያስፈልገው ነበር፤ እኔም ባለ ጉዳይ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ቢሆንም ለሃያ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ገቢና ወጪውን በራሱ እጅ ሲጽፍ የኖረን ሰው፣ የሚስቱን ዳንቴል ሂሳብ ሳንቲም ሳያጐድል የያዘን ሰው፣ መዝገቡን አስረክብ ማለት ምን እንደ ሆነ ሕጉ አይጽፈውም። ያን ወረቀት ለሽማግሌው ነጋዴ ባነበብሁ ጊዜ ያስጨነቀኝ ይኸው ነበር።

ቴሬዛ በገዳሙ ውስጥ ሆና አባቷን ማየት አልቻለችም። በሴፕቴምበር 1890 ዓ.ም. የጥቍር ዓይነ ርግቧን በተቀበለች ቀን ይመጡላታል ብላ ተስፋ ብታደርግም፣ አጐቷ ለሕመማቸው አደገኛ ነው ብለው ስለ ከለከሉ አልመጡም፤ በዚያም በጣም አለቀሰች። በልጅነቷ ያየችውን አንድ ነገር የተረዳችውም ከዚህ መከራ በኋላ ነው። ሰባት ዓመት ያህል ሳላት፣ አባቷ ወደ አላንሶን ተጕዘው ሳሉ፣ በአትክልቱ ሥፍራ አንድ እንደ አባቷ የለበሰ፣ ራሱን በጨርቅ የሸፈነ፣ እንደ ሽማግሌ የጐበጠ ሰው ሲያልፍ በመስኮት አይታ «አባባ» ብላ ጮኻ ነበር። ማንም አልተገኘም። ብዙ ዓመት ቈይቶ ሙሴ ማርታን በሕመማቸው ጊዜ ራሳቸውን በመሐረብ ይሸፍኑ ጀመር። ቴሬዛ እነዚያን ሦስት ዓመታት ከማንኛውም ሀብት የሚበልጡ ብላ ጽፋለች። እኔ ግን ይህን ባነበብሁ ቍጥር እስከዚያ ድረስ ልከተላት እንዳልቻልሁ እናገራለሁ፤ እሷ ቅድስት ናት፣ እኔ የአባቴ ልጅ ብቻ ነኝ።

በ1892 ዓ.ም. በሜይ ወር እግሮቻቸው ፈጽመው ስለ ሰነፉ ከእንግዲህ ሊጠፉ አይችሉምና ወደ ሊዝዩ መለሷቸው። በዚያው ሰሞን ወደ ቀርሜሎስ ወስደዋቸው ሦስቱን መነኮሳት ልጆቻቸውን በፍርግርጉ በኩል አዩ። መናገር አቅቷቸው ነበር፤ ሲለያዩ ጣታቸውን ወደ ላይ አንሥተው በሰማይ እንደሚገናኙ አመለከቱ። ከዚያ ወዲያ የተከናከነቻቸው በዋናነት ሴሊን ናት። ቴሬዛ ከመግባቷ በፊት እሷም ለገዳም የታሰበች ነበረች፤ አባቷን ላለመተው ብላ ስድስት ዓመት ጠበቀች። በተሽከርካሪ ወንበር ትገፋቸዋለች፣ ታጐርሳቸዋለች። ጁላይ 29 ቀን 1894 ዓ.ም. በኤቭሮ አጠገብ በላ ሙስ ቤት እሷ አጠገባቸው ሳለች ዐረፉ። በሴፕቴምበር ወር ሴሊንም ወደ ገዳሙ ገባች።

ቀጥሎ ባለው ክረምት ቴሬዛ በእኅቷ በፖሊን ትእዛዝ የልጅነት ታሪኳን መጻፍ ጀመረች። አባቷ የሰጧትን ነጭ አበባ እስከዚያን ጊዜ አኑራት ኖሮ፣ ግንዷ ከሥሩ አጠገብ መሰበሩን ጽፋለች። ራሷም በ1897 ዓ.ም. በ24 ዓመቷ ሞተች፤ በ1925 ዓ.ም. ቅድስት ተባለች፤ ሁለት ዓመት ቈይቶም፣ ከገዳሟ አጥር ውጭ ያልሰበከችው ይህች ሴት የሚስዮኖች ጠባቂ ተብላ ተሠየመች። ወላጆቿ የለመኑት ሚስዮናዊ ወንድ ልጅ ነበር። ኦክቶበር 18 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በሮማ ሉዊንና ዜሊን ባልና ሚስት እንደ ሆኑ በአንድነት ቅዱሳን ብለው አወጁ።

ሽማግሌው ነጋዴ ሰነዱን ከፈረሙ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ኖረዋል። ልጆቻቸው ጠዋት ጠዋት ደግፈው እያመጡ በሱቁ ውስጥ በቀድሞው ወንበራቸው ላይ ያስቀምጧቸው ነበር። አንድ ቀን ጨርቅ ልገዛ ገብቼ፣ ሂሳቡን ከልጃቸው ጋራ ጨርሼ ስወጣ፣ ከኔ በፊት የነበረው ገዢ ወደ ወንበሩ ዞሮ እጅ ሲነሣቸው አየሁ። እኔም እጅ ነሣሁ። አላወቁኝም፤ ነገር ግን በእጃቸው መረቁኝ።